እሳት ያልገባው ፊት

እህቴ ንጋቷ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔም፣ ስሜ አልታየች ይባላል፣ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እናታችንም እንደዚያው ነበረች። ባሎቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ሰው ፊት ለፊት «ባለ እጅ» ይለናል፣ ዞር ስንል «ጠይብ»፣ ልጁ የታመመበት ቀን ደግሞ «ቡዳ»። በኛ ማሰሮ ወጥ ሠርተው፣ በኛ እንስራ ውሃ ቀድተው፣ በኛ ማረሻ አርሰው ሲያበቁ ዓይናችን ልጃቸው ላይ እንዳያርፍ ነጠላ የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው። ኤዲያ! ይህን ሳወራ ደሜ ይፈላል። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያው ከነጠላው ነውና ታገሡኝ።

ቤታችን ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከኛ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ግቢ አለ። አገሩ የእሳቸው ነው፤ የምንቆፍረው አፈርም የእሳቸው ነው። አንቱ የምላቸው ምላሴ ለምዶት ነው እንጂ ልቤስ የሚላቸውን እሱ ያውቃል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ተክለጊዮርጊስ የሚባል። መልከ መልካም ነው ይሉ ነበር። «ይሉ ነበር» ያልኩት አይቼው ስለማላውቅ ነው። ንጋቷም አላየችውም። ሕፃን ሆኖ በሞግዚት ጀርባ፣ ከፍ ብሎ በበቅሎ ሲያልፍ፣ እኛ ሸክላችንን ተሸክመን ደጅ ከቆምን «ጠይቧ መጣች!» ይባልና ደንገጡሮቹ ነጠላ ዘርግተው ፊቱን ይሸፍኑታል። እኛም ዓይናችንን መሬት እንተክላለን። ቀና ብላ የተገኘች ዱላ ትቀምሳለች። ካደገ በኋላማ እንደ ጨዋ ልጅ ሁሉ እስከ አፍንጫው ሸማ ተከናንቦ ነው የሚሄደው፣ ማን ያየዋል? ኋላ ባላምባራስ ተብሎ ከዘመቻ ዘመቻ ሲዞር፣ እናቱ ራሳቸው ሳያዩት ስንት ክረምት አለፈ።

ንጋቷም ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ገብረአብ። ባሏ ወልደአረጋይ ገና በጎልማሳነቱ ሞቶባት ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጁ ትንሽ ሳለ ከሥራዋ ብድግ ትልና በዚያው በጭቃ እጇ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ታለሳልሰዋለች። «እማ፣ እኔ ማሰሮ ነኝ ወይ?» ይላታል። «ማሰሮስ ዝም ይላል!» ትለዋለች። ጢም አብቅሎ መዶሻ ይዞም አልተወችውም። እኔ «ኧረ ተይ እትዬ፣ ልጁ ጎረመሰ፣ ያፍራል» እላታለሁ። እሷ ምን ገዷት!

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ንጋቷ እጇ ከሁላችንም የተለየ ነው። ከእንስራና ከማሰሮው ሌላ በክዳኑ እጀታ ላይ ወፍ ታስቀምጣለች፣ በግ ታስቀምጣለች፣ አንዳንዴም እንስራ ያዘለች ሴት። ሰው ገበያ ላይ ያነሣና ይስቃል፣ ከዚያ ይገዛል። ይኸው እጇ ነው ኋላ ጉድ የሠራት።

ሐረር ከመያዙ በፊት፣ ጦሩ ወደ አርሲ በዘመተበት ዓመት፣ ባላምባራስ ተክለጊዮርጊስ አብረው ዘመቱ። ጦር የሚስል፣ ጎራዴ የሚያቃና ሰው ያስፈልጋልና ገብረአብ ተከተል ተባለ። እንቢ አይባልም። ንጋቷ መንገድ ድረስ ሸኘችውና አንገቱን አንቃ ይዛ አለቅም አለች። እሱ ቀልደኛ ነው፣ «እማ፣ ምን ያስፈራሻል? ቡዳ መጣ ሲባሉ ጠላቶቹ ገና ከሩቅ ይሸሻሉ» ብሏት ሳቀ። እሷም ሳቀች። እንባዋን በጭቃ እጇ ስትጠርግ ፊቷ ተጨማለቀ፣ እሱም በዚያው እየሳቀባት ወረደ።

ብዙ ቆይቶ መርዶ መጣ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ነው። ጉብታው ላይ ጩኸት ተነሣ፤ ባላምባራሱ ድንገት ተከበው ከነሰዎቻቸው አለቁ፣ ሬሳ ያነሣም የለ ተባለ። ለወይዘሮዋ አገር ሁሉ ሮጠ። ወደኛ ማን ይመጣል? ንጋቷ ራሷ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። «የኔስ ልጅ? ቀጥቃጩስ?» ብላ በረኛውን ጠየቀችው።

«ቀጥቃጩ? እሱም እዚያው ቀርቶ ይሆናላ። ማን ጠይብ ቆጥሮ መጣ!» አላት።

መርዶዋ ይኸው ነው። የሰው ልጅ መርዶ እንዲህ ይነገራል? ወገኖቻችን ተሰብስበን አለቀስን፣ እሷ ግን ደረቅ ሆነች። እንባ አልወጣትም። «ማን አየው? ማን ገነዘው? ምን ይዤ ላልቅስ?» ትላለች። እህል አትቀምስ፣ ሸክላ አትነካ። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንደ ሰው ሳይለቀስለት ቀረ፣ እንደ ውሻ ቀረ።» ይህ ነገር አንጀቷን ሲበላት እያየሁ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ጌታ ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ ምስል ይሠራለታል። እንጨት ይማገርና ልብሱን ይለብሳል፣ ጎራዴውን ይታጠቃል፣ በለቅሶው ሜዳ መሀል ይቆማል፤ ሰው በሱ ዙሪያ ያለቅሳል። ፊት ግን የለውም፤ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያልፋል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህ አልበቃቸውም። ንጋቷን አስጠሩ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ።

አጥሩ ጥግ ቆምን፣ ዓይናችንን መሬት ተክለን። ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ምስሉ ፊት ይኑረው። ጨርቅ ጠቅልላችሁ ልጅዎ ነው እንድትሉኝ አልፈልግም። አንቺ ሰው ትሠሪያለሽ አሉ።»

«እሜቴ፣ እኔ ወፍና በግ ነው የምሠራው» አለች ንጋቷ።

«ሴትም ትሠሪያለሽ። ክዳኑ ጓዳዬ አለ።»

«እሜቴ ይማሩኝ። ባላምባራስን አይቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።»

ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ስንት ዘመን ደጄን ስትረግጪ? ቡዳ ያላየው ምን አለ! ነጠላ ለናንተ ዓይን መች ያግዳል?»

ፍረዱኝ እስቲ! ዓይናችን እንዳያርፍበት ብለው ዕድሜውን ሙሉ የሸፈኑትን ፊት፣ አሁን ሥሩልኝ። አላየነውም ስንል ደግሞ አያምኑ። አላጋነንኩም፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። ንጋቷ እግራቸው ሥር ወድቃ «እንግዲያው መልካቸውን ይንገሩኝ» አለች። እሳቸውም ነገሯት። ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ከንፈሩ ሳይናገር የሚስቅ የሚመስል። ወይ እናት! የትኛዋ እናት ናት ልጇን እንዲህ የማትለው?

ንጋቷ ቤቷ ገብታ ጭቃ አቦካች። ሠራች፣ አፈረሰች። እንደገና ሠራች፤ አፍንጫ ያለው እንስራ ሆነ። ተናደደችና በጡጫ መታችው። የማታውቀውን ሰው ፊት እጅ ከየት ያመጣል? ወይዘሮዋ ሰው ይልካሉ፣ «ደረሰ?» ይላሉ፤ «ሊደርስ ነው» እንላለን። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ እንጨት ለቅሜ ስመለስ ንጋቷ ጭቃው ፊት ተንበርክካ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። በሁለት አውራ ጣቷ ግንባሩን ታለሳልሳለች፣ ከዚያ ጉንጩን፣ ከዚያ አገጩን። ቀረብ ብዬ አየሁትና የለቀምኩትን እንጨት ጣልኩት።

«እትዬ! ይሄ እኮ ገብረአብ ነው!»

«ዝም በይ» አለችኝ።

«በስመ አብ! አፍርሺው! ልታስገድይን ነው?»

«ዝም በይ አልኩሽ አልታየች። ለሱ ማን አለቀሰለት? አንድ ቀን እንኳ ሰው ያልቅስለት። አንድ ቀን ብቻ።»

ደሀ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። ተውኳት። ደግሞ ያን ለት ነው እንባዋ የመጣላት። በዚያ ጭቃ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ፊቱ በጥላ ደረቀ። ቀይ አፈር ቀባችው፣ በጠጠር አሸችው፣ አበራ። አሁን እሳት መግባት አለበት። ኩበቱን አዘጋጅቼ፣ እንጨቱን ደርድሬ ጠራኋት። ፊቱን አቅፋ ቆመች፣ አልሰጥም አለች።

«ልጄን በእጄ እሳት ውስጥ ልጨምር?»

«ሸክላ ነው እትዬ! እሳት ያልገባው ሸክላ አፈር ነው፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

«ላንቺ ሸክላ ይታይሻል። ለለቅሶ አንድ ቀን ይበቃዋል። ዝናቡ እንደሆነ ገና ነው።»

ስለምናት ዋልኩ። ተቆጣሁ፣ ለቀም አደረግኩና ልወስደው ሞከርኩ፣ ገፈተረችኝ። ከሁላችንም በላይ እጅ አላት ያልኳችሁ ሴት፣ አንድም ቀን ሳታቃጥል ሸክላ ከቤቷ አውጥታ የማታውቅ ሴት፣ ይህንን ብቻ ጥሬውን ሰጠች። እናት ሆነችና ሙያዋን ረሳችው።

ወይዘሮዋ ፊቱን ሲቀበሉ ደጁ ላይ ነበርን። ጨርቁን ገለጡት። ብዙ ጊዜ አዩት። አሁን ያውቃሉ፣ አሁን ያስጨርሱናል ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሳቸው ግን «ልጄ!» ብለው በደረታቸው ለጠፉት። እንዴት አላወቁም ትሉኛላችሁ። እኔ ምን አውቄ! ከተለያዩ ስንት ዘመናቸው፤ ደግሞ ኀዘን ያለበት ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው። «እንደዚህ ነው፣ እንደዚሁ ነው የሚስቀው» እያሉ ከንፈሩን ሳሙት።

የለቅሶው ቀን ሜዳው ጢም አለ። ከመዘዞ የመጣ አለ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ አለ፤ ከአሊዩ አምባም ነጋዴዎቹ «አላህ ያጽናዎ» እያሉ መጡ። ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ተጭኖ ይጎተታል። መሀል ላይ ምስሉ ቆሟል፣ የባላምባራሱን ካባና ጎራዴ አድርጎ፣ ከላዩ የገብረአብ ፊት። የጠይብ ልጅን ፊት ትክ ብሎ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ከነሱ ማንም አልለየውም። አልቃሿ ከፍ ባለ ድምፅ ሙሾ አወረደች፤

አርሲ ሜዳ ላይ ቀረ አሉኝ ልጄን፣
ማን ገንዞ ቀበረው ሳልዘረጋ እጄን።

አገር ደረቱን ደቃ። ሹማምንቱ፣ ወይዛዝርቱ፣ ካህናቱ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። እኛ እንደ ደንባችን ሜዳው ጠርዝ ላይ ተለይተን ቆመናል። ንጋቷ ፊቷን ነጨች፣ መሬት ተንከባለለች። አንዱ «ኧረ የዛሬውስ ለቅሶ ቡዳንም አስለቀሰ!» ብሎ ተሳለቀ። እሷ አልሰማችውም። ወደ ማታ ስንመለስ ቅልል ብሏት ነበር። «አየሽ እንዴት እንዳለቀሱለት?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ቆርሳ ጎረሰች።

በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ወይዘሮዋ ግን ምስሉ ይፍረስ ሲባሉ እንቢ አሉ። «አፈር የማለብሰው ነገር ስጡኝ፣ ባዶ እጄን አልገባም» አሉ። የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደተንሣኤ ተቃወሟቸው። «እሜቴ፣ ፍትሐቱ ለነፍሱ ተደርጓል፤ ለሸክላ ፍትሐት የለም። አበስኩ ገበርኩ፣ ይህ ነውር ነው» አሏቸው። ማን ሰምቷቸው! ምስሉን ከነልብሱ ሳጥን ውስጥ አስተኝተው ከደብሩ አጥር ውጪ፣ የወይራው ሥር፣ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት። ንጋቷ ያን ስትሰማ «ገብረአብ መቃብር አገኘ» ብላ ተደሰተች። ጥሬ ሸክላ መሬት ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ማን ይቆፍረዋል ብለን አሰብን?

ክረምቱ ገባ። የአንኮበርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ዳገቱ ይናዳል፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ይተፋል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ጠባም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሸክላ እየጠፈጠፍን ሳለ ከጉብታው ጩኸት ሰማን። የሞት ጩኸት አይደለም፣ የደስታም አይደለም። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይሮጣል። አንዱ ሲያልፍ «ባላምባራስ ተነሡ! ምስላቸው ተነሥቶ መጣ!» አለን። ንጋቷ እንደ ጅል አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ ጭቃዋን ጥላ ሮጠች።

የሆነው ይህ ነው። ገብረአብ አልሞተም። እግሩን በጦር ተወግቶ ወድቆ፣ አንድ የአርሲ ሽማግሌ አንሥተው ከከብቶቻቸው ጋር አስተኝተው አስታመሙት። ሲሻለው እያነከሰ መንገድ ጀመረ። ጌታው ሊሞቱ ሲሉ የአንገት መስቀላቸውን «ለናቴ ስጥልኝ» ብለው ሰጥተውት ነበርና እንዳይጠፋበት አንገቱ ላይ አሰረው። ሲደርስ አደራ ያለበት ሰው ነውና እናቱን እንኳ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወይዘሮዋ ደጅ ወጣ። አይ ልጄ! ምነው መጀመሪያ ወደኛ በመጣህ!

በረኛው ያን ፊት ሲያይ በቁሙ ወደቀ። አገር ሁሉ ሜዳ ላይ ያለቀሰበት ፊት ነዋ! ደንገጡሮቹ ጮኹ። ወይዘሮዋ ወጡ፣ ፊቱን አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ «ተክለጊዮርጊስ!» ብለው አንገቱ ላይ ወደቁ።

«ኧረ እሜቴ፣ እኔ ገብረአብ ነኝ፣ የንጋቷ ልጅ፤ ቀጥቃጩ!»

«ስሙን አስረስታዋለች!» ብለው ጮኹ። «የኔን ልጅ አስነሥታ ስሙን አስረስታዋለች!»

ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አስነሥቶ ባሪያ ያደርገዋል፣ ስሙን ለውጦ ያዘዋል ይላሉ፤ ሲፈልጉ የሚሉት አያጡም። ገብረአብ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ይኸው ተይዟል፣ ይኸው በአፉ የምትናገረው ጠይቧ ናት አሉ። ልጁ ምን ቢናገር የሚያድነው ቃል አጣ።

እኛ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ንጋቷ ሰዉን ሁሉ ጥሳ ገባች፣ አየችው። በሕይወት ቆሟል፣ ከስቷል፣ ጸጉሩ አድጓል፣ ግን እሱው ነው። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እልል አለች! አገር በፍርሃት በተንቀጠቀጠበት መሀል ብቻዋን እልል! እልል! እልል! ጉሮሮዋ እስኪነቃ። «ይኸው! እያያችሁ!» አለ አንዱ፣ «ሥራዋ ስለያዘላት ነው!» ድንጋይ ወረደባት። ግንባሯ ደማ፣ እሷ አሁንም እልል ትላለች።

መምሬ ወልደተንሣኤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መሀል ገቡ። «ተዉ! ይህን ልጅ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። የንጋቷ ልጅ ነው» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ያህል ደፈሩ።

«እንግዲያው ምስሉ ለምን እሱን መሰለ?» አሉ ወይዘሮዋ።

ንጋቷ ተንበረከከች። «እሜቴ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሌላ ፊት አላውቅም ነበር። የልጄን ፊት ሠራሁ፤ እንዲለቀስለት ብዬ።»

አሁን ዳነች ብዬ ነበር። ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በለቅሶው ቀን ሜዳው መሀል የነበሩት፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። «እኛ ደረታችንን የደቃነው ለጠይብ ልጅ ነው? እኔ ራሴን የነጨሁት ለቀጥቃጭ ነው ልትይ?» አሉ። ሁሉም አጉረመረመ። ገባችሁ? ለጠይብ ልጅ አለቀስን ከማለት ሙት ተነሣ ማለት ቀለላቸው። ጥፋታችን ሁሉ ይቺ ናት፣ ይቺን ነው ይቅር ያላሉን።

መምሬ ሊረዱን ብለው፣ እምላለሁ ሊረዱን ብለው ነው፣ «እንግዲህ መቃብሩ ይከፈት። የሸክላው ፊት እዚያው ካለ ማንም አልተነሣም፤ ነገሩም በዚህ ያብቃ» አሉ። ሁሉም «ተገቢ ነው!» አለ። ንጋቷ ግን «አይቆፈር!» ብላ ጮኸች። ለምን እንደጮኸች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «ፈርታ ነው!» አሉ፣ እየጎተቱ ወሰዷት።

ወይራው ሥር ቆፈሩ። ሳጥኑ በስብሶ ገና ሲነካ ፈረሰ። ካባው ሻግቷል፣ ጎራዴው ዝጓል። የራሱ ቦታ ላይ ያለው እርጥብ ቀይ ጭቃ ነው። መምሬ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከተቱና ፈለጉ። ግንባር የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ያ የሚስቅ ከንፈር የለ። እጃቸውን አውጥተው ሣሩ ላይ ጠረጉት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«እሳት ስላልገባው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጥሬ ሸክላ አፈር ነው፣ ዝናብ ያሟሟዋል! እናንተ ሰዎች!»

«ሸክላ ሠሪ ሸክላዋን ሳታቃጥል ትሰጣለች? ማንን ልታሞኚ ነው?» አለኝ አንዱ ጎልማሳ፣ በዱላው ደረቴን ገፋ አድርጎ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ የትኛዋ ሸክላ ሠሪ ናት ይህን የምታደርግ?

«ልቀቂው!» አሏት። «የያዝሽውን ልቀቂ! አለበለዚያ ከነመንደራችሁ ትቃጠላላችሁ፣ እሱም አብሮ!» ችቦ አምጡ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ገብረአብን ጥፍር አድርገው ይዘውታል፣ ያለቅሳሉ። እሱ ወደ ንጋቷ እየተንጠራራ «እማ!» ይላል። እሳቸው «ወዬ፣ ወዬ ልጄ» ይሉታል።

ንጋቷ ቆማ አየች። ልጇን አየች፣ ዱላውን አየች፣ እኔን አየችኝ። እኔ ምን ልስጣት? ምንም የለኝም። ቢጮህ ሰሚ የለ፣ ቢሮጥ ልጁ አንካሳ ነው። የኔ ነው ካለች ይሞታል፤ የእሳቸው ነው ካለች ይኖራል።

«ለቅቄዋለሁ» አለች።

«ጮክ በይ!»

«ለቅቄዋለሁ! የእሜቴ ልጅ ነው።»

«እንትፍ በይበት!» አሏት፤ የቡዳ መፍትሔው ይኸው ነው ይላሉ። ቀረበች። እጇ ላይ ጠዋት የያዘችው ጭቃ እንደደረቀ አለ። ፊቱን ልትነካው እጇን ስታነሣ ዱላ ከለከላት። ግንባሩ ላይ እንትፍ አለችበት። ጠጋ ብላም «እሺ በላቸው» አለችው። ሌላ ምንም አላለችውም። ገብረአብ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮዋ በነጠላቸው ግንባሩን ጠርገው ይዘውት ገቡ፤ ሰዉም «ተመስገን» እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ነው። ባላምባራስ ይሉታል። ሥጋ ያበሉታል፣ ጠበል ያጠምቁታል፣ ብረት እንዳይነካ ይጠብቁታል። አንድ ጊዜ እያነከሰ እስከ እኛ መንገድ ወርዶ ነበር፤ ያን ለት ወገኖቻችንን ሰብስበው ገረፉ፣ ከዚያ ወዲህ አልሞከረውም። ወይዘሮዋ ለሰው «ገና አልጠራለትም፣ አልፎ አልፎ ስሙን ይረሳል» ይላሉ አሉ። ይወዱታል። ምን ላድርግ፣ እሱንም አልክድም፤ ይወዱታል።

ንጋቷም ሸክላዋን ትሠራለች፤ ካልሠራች ምን ትበላለች? ክዳን ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ወፍም ሰውም አትሠራም። እንስራ ሲሰበርባቸው ከላይ ይልኩባታል፣ ተሸክማ ትወጣለች። እኔ ልሂድልሽ ስላት እሺ አትልም። አጥሩ ጥግ ትቆማለች። እሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከሆነ በረኛው «ጠይቧ መጣች!» ይላል። ደንገጡሮቹም ሮጠው ነጠላቸውን ዘርግተው ፊቱን ይሸፍኑታል፣ እሷም ዓይኗን መሬት ትተክላለች።